መርከቦችን አረንጓዴ የሚያደርጋቸው ማነው?



እኔ ያደግሁት ኮልፌ ቀራኒዮ፣ ዓለም ባንክ ነው። እናቴ ከአስፋልቱ ዳር ትንሽ ሱቅ አላት፤ ሱቋም እንደ ብዙዎቹ የሰፈራችን ሱቆች ኮንቴይነር ናት። ፀሐይ ሲሆን እንደ ምጣድ ትግላለች፣ ሲዘንብ ደግሞ ሰው ከሰው አያደማምጥም። እናቴ ሰማያዊ ቀለም አስቀብታታለች። ይሁን እንጂ ቀለሙ በተላጠበት በኩል የአንድ የውጭ አገር የመርከብ ኩባንያ ስም ብቅ ይላል። ልጅ ሳለሁ የቀለም ፋብሪካው ስም ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ሴሚስተር ስለ አካባቢ ጥበቃ አንድ ጽሑፍ አዘጋጅታችሁ ኑ ስንባል ያ ስም ትዝ አለኝና “ለምን ስለ መርከቦች አልጽፍም?” አልኩ። የኩባንያዎችን መግለጫ ሰብስቤ፣ ቆንጆ ቆንጆ ቃላት መርጬ፣ “የመርከብ ኩባንያዎች ለመጪው ትውልድ በማሰብ ፊታቸውን ወደ አረንጓዴ አሠራር አዙረዋል” ብዬ ጀመርኩ። መምህራችን ወረቀቱን የመለሱልኝ በቀይ እስክሪብቶ ሁለት ጥያቄ ብቻ ጽፈውበት ነው፡- “ማን አስገደዳቸው? ማንስ ይከፍላል?”

እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ጥያቄዎቹ እንቅልፍ ነሱኝ። ይህ ጽሑፍ ለእነዚያ ሁለት ጥያቄዎች ያገኘሁት መልስ ነው።

ነገሩ ምን ያህል ነው?

በዓለም ላይ ከሚዘዋወረው የንግድ ዕቃ በመጠን ሲለካ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው የሚጓዘው በባሕር ነው። እናቴ ሱቅ ውስጥ ያለውን ብቻ ብንቆጥር እንኳ ቴርሞሱ፣ ባትሪ ድንጋዩ፣ የፕላስቲክ ጫማውና የፓልም ዘይቱ ሁሉም ባሕር አይተው የመጡ ናቸው። እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ዕቃዎቹ ግን አይተዋል።

መርከቦች የሚያቃጥሉት በአብዛኛው ከባድ ነዳጅ የሚባለውን ነው። ይህ ነዳጅ ድፍድፉ ተጣርቶ ቤንዚኑና ናፍጣው ከወጣለት በኋላ የሚቀረው አተላ ነው ብንል አልተሳሳትንም። በጣም ወፍራም ስለሆነ ካልሞቀ በቱቦ ውስጥ አይፈስም። ርካሽ ነው፤ በውስጡ ግን ድኝ አለበት። ድኙ ሲቃጠል በወደብ ከተሞች የሚኖረውን ሰው ሳንባ ይጎዳል። በዚያ ላይ የዓለም የባሕር ትራንስፖርት የሰው ልጅ ከሚለቀው የሙቀት አማቂ ጋዝ ውስጥ ወደ 3 በመቶ የሚጠጋውን ይለቃል።

ለሚዛናዊነት ሲባል ግን አንድ ነገር መነገር አለበት። አንድ ቶን ዕቃ አንድ ኪሎ ሜትር ለማጓጓዝ ትልቅ መርከብ የሚለቀው ጭስ ከከባድ መኪና ያነሰ ነው፤ ከአውሮፕላን ጋር ሲተያይማ ጭራሽ አይገናኝም። ስለዚህ ችግሩ መርከብ መኖሩ ሳይሆን መርከቦቹ እጅግ ብዙ መሆናቸውና የሚያቃጥሉት ነገር ነው።

እንግዲህ ኩባንያዎቹን እንዲለወጡ የሚገፋፋቸው ምንድን ነው? እኔ ሦስት ነገሮችን አግኝቻለሁ።

አንደኛው ገፊ፡- ኪስ

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 የአንድ በርሜል ድፍድፍ ነዳጅ ዋጋ እስከ 147 ዶላር ደርሶ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ የዓለም ኢኮኖሚ ተንኮታኮተና ጭነት ጠፋ። በዚህ ጊዜ በ24 ኖት ገደማ ይሮጡ የነበሩ የኮንቴይነር መርከቦች ፍጥነታቸውን ወደ 20 ኖትና ከዚያም በታች ዝቅ አደረጉ።

ለምን ቢባል፣ መርከብን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ በግምት በሦስተኛ ደረጃ እያባዛ ነው የሚጨምረው። እስቲ እናስላው። መርከቧ ፍጥነቷን በ10 በመቶ ብትቀንስ በሰዓት የምትፈጀው ነዳጅ በ27 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። እርግጥ ጉዞው ይረዝማል፤ ቢሆንም በአጠቃላይ ጉዞው ላይ ወደ 19 በመቶ የሚሆን ነዳጅ ይተርፋል። ጭሱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ኩባንያዎቹ በኋላ ላይ ይህንን “ለአካባቢ ያደረግነው አስተዋጽኦ” ብለው ጻፉት። ውሸት አይደለም። ግን መጀመሪያ የታያቸው ኪሳቸው ነበር።

ኪስ ግን ብቻውን አይበቃም። በባሕር ትራንስፖርት ብዙ ጊዜ የመርከቡ ባለቤት አንድ ነው፣ ተከራይቶ የሚያሠራት ሌላ። ነዳጁን የሚከፍለው ተከራዩ ነው። ታዲያ ባለቤቱ ነዳጅ የሚቆጥብ ሞተር ለመግጠም ለምን ገንዘብ ያወጣል? ይህንን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዓለም ባንክ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር ሰው ጠይቁ፤ መብራት የማይፈጅ የእንጀራ ምጣድ የሚገዛ አከራይ ገጥሞት ያውቅ እንደሆነ ይንገራችሁ።

የነዳጅ ዋጋ ሲወርድም ፍላጎቱ አብሮ ይወርዳል። መንገድ ሲዘጋም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ ጥቃት ሲደርስ ብዙ ኩባንያዎች አፍሪካን በደቡብ ዞረው መጓዝ ጀመሩ። ርቀቱ ሲጨምር ነዳጁም ጭሱም ጨመረ። ያኔ ቅድሚያ የተሰጠው ለአካባቢው ሳይሆን ለመርከቡና ለመርከበኛው ደኅንነት ነበር፤ ሊወቀሱበትም አይገባም።

ሁለተኛው ገፊ፡- ሕግ

የባሕር ሕግ ታሪክ የአደጋ ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1967 ቶሪ ካንየን የተባለችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ ከእንግሊዝ ጠረፍ አጠገብ ከድንጋይ ጋር ተጋጭታ ከመቶ ሺህ ቶን በላይ ድፍድፍ ይዛ ተሰበረች። ዓለም ደነገጠ። በ1973 ተፈርሞ በ1978 የተሻሻለው ማርፖል የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የመጣው ከዚህ ድንጋጤ በኋላ ነው። በ1989 ደግሞ ኤክሶን ቫልዴዝ አላስካ ላይ ነዳጅ ስታፈስ አሜሪካ በዓመቱ ነዳጅ ጫኞች ባለ ድርብ ግድግዳ እንዲሆኑ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች።

ሕግ ከኪስ የሚለየው ሁሉንም እኩል ማድረጉ ነው። አንድ ኩባንያ ብቻውን ንጹሕና ውድ ነዳጅ ልጠቀም ቢል ተፎካካሪው በርካሹ አተላ እየሄደ ደንበኛውን ይነጥቀዋል። ሁሉም በአንድ ቀን ከተገደዱ ግን ማንም አይከስርም። ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በመርከብ ነዳጅ ውስጥ ያለው ድኝ ከ3.5 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ እንዲወርድ ያደረገው በዚህ መንገድ ነው። በአንድ ሌሊት ማለት ይቻላል፣ በመግለጫ ያልተገኘው ነገር በሕግ ተገኘ።

ሕጉም ቢሆን ቀዳዳ አለው። አንዳንድ ኩባንያዎች ንጹሑን ነዳጅ ከመግዛት ይልቅ ጭሱን በባሕር ውሃ የሚያጥብ መሣሪያ ገጠሙ። ሕጉ ይፈቅዳል። ችግሩ ግን ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ እጣቢውን መልሰው ወደ ባሕር ይደፉታል። ከአየር ወጥቶ ባሕር ገባ ማለት ነው። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ ትላልቅ መርከቦች እንደ ተማሪ በየዓመቱ ከኤ እስከ ኢ ውጤት ይሰጣቸዋል። ሦስት ዓመት በተከታታይ ዲ ወይም አንድ ዓመት ኢ ያገኘች መርከብ የማሻሻያ ዕቅድ ማቅረብ አለባት። ዕቅድ ብቻ! ቅጣት የለውም። እኛ በኤፍ የምንባረረው ምን በድለን ነው ያሰኛል።

ሕግ የሚሠራው ደግሞ የሚቆጣጠረው ሲኖር ነው። ወንድም ጋሼ የምለው የአክስቴ ልጅ ባሕር ዳር በሚገኘው የማሪታይም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት ሠልጥኖ በውጭ አገር መርከብ ላይ በኢንጂነርነት ይሠራል። ለእረፍት ሲመጣ እናቴ ሱቅ ቁጭ ብለን ጠየቅሁት።

“አየሽ፣” አለኝ፣ “ሞተር ክፍል ውስጥ ለእያንዳንዱ ቆሻሻ ዘይት መዝገብ አለው። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ የት ተራገፈ ተብሎ ይጻፋል። ወደብ ስንደርስ ተቆጣጣሪ ይመጣና መዝገቡን ከታንኩ ጋር ያመሳክራል። ካልገጠመ መርከቧ ትያዛለች። ባንዲራዋ የማንም ይሁን የማን አይሰማሽም።”

“ታዲያ ለባሕሩ ብላችሁ አይደለማ?” አልኩት።

ሳቀ። “መጀመሪያ ላይማ ፍርሃት ነው። ፕላስቲክ ባሕር ላይ መጣል ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ሲነግሩን ሥራዬን እንዳላጣ ብዬ ነበር የማከብረው። አሁን ግን ሐይላንድ ከታክሲ መስኮት ሲወረወር ሳይ ያመኛል። ለምዶብኝ ነው መሰለኝ።”

ይቺን መልስ አልረሳትም። ሕግ መጀመሪያ ያስፈራል፣ ሲቆይ ግን ጠባይ ይሆናል። መዝገቡንም የሚያጭበረብሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ፕሪንሰስ የተባለው የመዝናኛ መርከቦች ኩባንያ ዘይት ያለበትን ፍሳሽ በስውር ቱቦ ወደ ባሕር በመልቀቁና ይህንኑ በመደበቁ 40 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ነገሩን ያጋለጠው ማን ይመስላችኋል? በመርከቡ ላይ አዲስ የተቀጠረ አንድ ኢንጂነር ነው።

ሦስተኛው ገፊ፡- ደንበኛና አበዳሪ

ሦስተኛው ገፊ ገንዘቡን የያዘው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 እንደ አማዞንና አይኪያ ያሉ ትላልቅ ዕቃ አስጫኞች እስከ 2040 ድረስ ዕቃቸውን የሚያስጭኑት ከካርቦን ነፃ በሆነ ነዳጅ በሚሄዱ መርከቦች ብቻ ለማድረግ እንደሚጥሩ አስታወቁ። ማርስክ የተባለው የዴንማርክ ኩባንያም በ2023 በሜታኖል መሄድ የምትችል የመጀመሪያዋን የኮንቴይነር መርከብ፣ ላውራ ማርስክን፣ ኮፐንሃገን ላይ አስመረቀ። ከኋላው “እኛ እንጭንብሃለን” የሚሉ ደንበኞች ባይኖሩት ኖሮ በዚህ ፍጥነት ይደፍር ነበር ብዬ አላምንም።

አበዳሪዎችም አሉ። አንድ ትልቅ መርከብ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል፤ ያለ ባንክ የሚገዛው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተወሰኑ ዓለም አቀፍ ባንኮች የፖሲዶን መርሆዎች በሚባል ስምምነት ብድር የሰጧቸው መርከቦች የሚለቁትን ካርቦን እየለኩ በየዓመቱ ይፋ ለማድረግ ተስማሙ። አበዳሪ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለእኛ ለዓለም ባንክ ልጆች አይነገረንም። የሰፈራችን ትላልቆች እንደሚያወሩት ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ዓለም ባንክ ገንዘብ ከሰጠበት የቤት ሥራ ፕሮጀክት ነው። ገንዘብ የሰጠ ስም እስከ ማውጣት ይደርሳል ማለት ነው፤ መርከብ እንዴት ትሠራ ቢልማ ምን ይገርማል?

የእኛው ንግድ መርከብስ?

ወደብ የሌላት አገር መርከብ አላት ሲባል የሚገረሙ አሉ። አላት። ትላልቆቹ እስካሁን “ንግድ መርከብ” የሚሉት ድርጅት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን አገልግሎት የጀመረው በ1966 ነው። ኤርትራ በ1993 ነፃ ስትሆን ኢትዮጵያ ጠረፍ አልባ ሆነች፤ በ1998 ጦርነቱ ሲነሳ ደግሞ አሰብ ተዘጋና ጭነቱ ከሞላ ጎደል ወደ ጅቡቲ ዞረ። መርከቦቹ ግን አልቆሙም። ከኋላቸው እንደ መነሻ ወደብ ተጽፎ የሚታየው ስም አዲስ አበባ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለችው የእኛዋ ከተማ!

እ.ኤ.አ. በ2011 ንግድ መርከብ ከደረቅ ወደብና ከማሪታይምና ትራንዚት ድርጅቶች ጋር ተዋህዶ አንድ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ድርጅት ሆነ። ከ2012 ጀምሮ ባሉት ጥቂት ዓመታትም ቻይና ውስጥ የተሠሩ ዘጠኝ አዳዲስ መርከቦችን ተረከበ፤ ሰባቱ ልዩ ልዩ ዕቃ ጫኞች፣ ሁለቱ ነዳጅ ጫኞች ናቸው። አዲስ መርከብ ከአሮጌ ይልቅ በአንድ ቶን ጭነት ያነሰ ነዳጅ ይፈጃል። ነዳጁ የሚገዛው ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ነው። ስለዚህ በእኛም አገር የመጀመሪያው ገፊ፣ ማለትም ኪስ፣ እንደማንኛውም ቦታ ይሠራል ማለት ነው። ሁለተኛውም ይሠራል፤ ኢትዮጵያ ከ1975 ጀምሮ የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት አባል ናት፣ መርከቦቿም የትም ወደብ ሲደርሱ የወንድም ጋሼን ተቆጣጣሪ ያገኙታል። ሦስተኛው ግን ደካማ ነው። ለመሆኑ ከእኛ ከተማ ነጋዴዎች መካከል “ዕቃዬን ጭስ በሌለው መርከብ አምጡልኝ” የሚል ማን አለ? እናቴ የምትጠይቀው መቼ ይደርሳል፣ ስንት ነው የሚለውን ነው።

የብስ ላይ ያለውንም ጉዞ መርሳት የለብንም። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ በ2018 መጀመሪያ መደበኛ ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪካችን ደግሞ በአብዛኛው ከውሃ ነው የሚመነጨው። ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ ድረስ ከባድ መኪና ሲጭነውና ባቡር ሲጭነው የአንድ ኮንቴይነር ጭስ ልዩነቱ ትልቅ ነው። እኛ በራሳችን እጅ ልንቀንሰው የምንችለው ትልቁ ክፍል ምናልባት ይህ የየብስ ጉዞ ነው።

ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

አሁን ወደ መምህራችን ሁለተኛ ጥያቄ እንምጣ። ከእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ወደ አውሮፓ ኅብረት ወደቦች የሚገቡ ትላልቅ መርከቦች ለሚለቁት ካርቦን መክፈል ጀምረዋል፡- ለ2024 ጭስ 40 በመቶውን፣ ለ2025 ጭስ 70 በመቶውን፣ ለ2026 ጭስ ሙሉውን። ኩባንያዎቹ ታዲያ ከኪሳቸው አልከፈሉም፤ በማጓጓዣው ዋጋ ላይ አንድ መስመር ጨመሩበት። ቡናችን ሐምቡርግ ሲሄድ ያቺ መስመር አብራው ትሄዳለች።

በሚያዝያ 2025 ለንደን ላይ ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ከተወሰነለት በላይ ካርቦን የሚለቅ ትልቅ መርከብ እንዲከፍል የሚያደርግ የመላው ዓለም ረቂቅ አጸደቀ። በጥቅምት 2025 ረቂቁ የመጨረሻ ውሳኔ ሊያገኝ ሲል ግን በአሜሪካና በነዳጅ ላኪ አገሮች ተቃውሞ ለአንድ ዓመት እንዲራዘም በድምፅ ብልጫ ተወሰነ። ከክርክሮቹ አንዱ ይኸው የእናቴ ሱቅ ጉዳይ ነበር፤ ማጓጓዣ ሲወደድ ከባሕር የራቁ ድሃ አገሮች ይጎዳሉ፣ ታዲያ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለማን ይሰጥ? የሚል።

እኔ ራሴ እዚህ ላይ ተወዛገብኩ። ጭሱ ይቀንስ እላለሁ፤ ድርቅና የዝናብ መዛባት መጀመሪያ የሚጎዳው እኛን ነው። በሌላ በኩል ዘይት ላይ አምስት ብር ሲጨመር ዱቤ የሚበዛባት እናቴ ናት። ሁለቱም እውነት ናቸው። ያገኘሁት መልስ የሚከተለው ነው፡- ኩባንያዎች አረንጓዴ የሚሆኑት ብክለት ዋጋ ሲኖረው ነው፤ ዋጋው መኖሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ከማን እንደሚሰበሰብና ለማን እንደሚመለስ ካልተጠየቀ ዕዳው ቀስ እያለ መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ላይ ያርፋል። መጨረሻ ላይ ያለው ሰው ደግሞ ለንደን ስብሰባ ላይ ወንበር የለውም።

ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች

ስለዚህ “አረንጓዴ ሆነናል” የሚል መግለጫ እጃችን ሲገባ አራት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፣ ባያደርጉት ኖሮ ምን ይደርስባቸው ነበር? ሁለተኛ፣ ለውጡ በቁጥር ስንት ነው፣ ከየትኛው ዓመት ጋር ተነጻጽሮ? ሦስተኛ፣ ቆሻሻው ጠፋ ወይስ ቦታ ቀየረ? አራተኛ፣ ማን ይከፍላል? እነዚህ ጥያቄዎች ለመርከብ ብቻ አይደሉም፤ ለቆዳ ፋብሪካም፣ ለአበባ እርሻም፣ ለሲሚንቶም ይሠራሉ።

ወንድም ጋሼን ደግሞ አንርሳ። ከመግለጫው ይልቅ እውነቱ ያለው ብዙ ጊዜ ሞተር ክፍል ውስጥ ከሚሠራው ሰው ዘንድ ነው። እሱን ፈልጎ ማግኘት የእኛ ሥራ ነው።

ጽሑፌን አስተካክዬ ለመምህራችን መልሼ ሰጥቻለሁ። ለእናቴም አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰምታኝ ሲያበቃ ወጣ ብላ የተላጠውን ስም አየችና “ታዲያ ይሄ ኩባንያ ነው ዘይቱን የሚያስወድድብኝ?” አለችኝ። “እሱ ብቻ አይደለም እማዬ” አልኳት። ማን ማን እንደሆነ ዘርዝሬ ለመንገር ግን ገና ብዙ መማር ይቀረኛል።